ናሙናው አልተመለሰም

መካኒሳ አቦ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1986 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለፅጌረዳ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እኔ፣ ባለቤቴ ተናኘና ልጆቹ፣ ካንቺ ናፍቆት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አቦ በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደሙልሽ። የሰው ፊት አያሳዩሽ።

እናትሽን ቅዳሜ ፉሪ ሄጄ አይቻቸዋለሁ። አባቴ ሊሞት ሲል «ገበያነሽን አደራ፣ ሌላ እህት የለኝም» ስላለኝ ቅዳሜን ለሌላ ጉዳይ አልሰጥም። እትዬ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ አፋቸው ደህና ነው። «ልጄ ስትጽፍ ስለ ጣሊያን ብርድ እንጂ ስለ ራሷ አትጽፍም» ብለው ተቆጥተዋል። ስለ ራስሽ ጻፊላቸው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የአባቴን ጉዚ አትረሻትም። ልጅ ሆነሽ ከኋላ ካልተቀመጥኩ ብለሽ የምታለቅሽባት ቀይ ሞተር። ዛሬ ልጆቼ የሚበሉት በእሷ ነው። ጋዜጣ እንደ አሸን ፈልቷል። ገና ሳይነጋ ከማተሚያ ቤቱ በር እቀበልና ለቄራ፣ ለጎፋ፣ ለሳሪስና ለመካኒሳ አዟሪዎች አደርሳለሁ። ጋዜጣ ረፋድ ላይ ከደረሰ የስኳር መጠቅለያ ነው። ስለዚህ ሞተሯ መነሳት አለባት።

የደከመው ካርቡራቶሩ ነው። ሶማሌ ተራን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩ። አንዱ ባለሱቅ እቃውን አገላብጦ «ይህን ከቤተ መዘክር ነው የሰረቅከው?» ብሎ ተራውን ሁሉ አሳቀብኝ። መካኒኬ ቀጄላ ለጊዜው የቬስፓ ካርቡራቶር በከመነዳሪ ላስቲክ አስሮ አስነስቷታል። ዳገት ስታይ ግን ትተኛለች።

የጉዚ አገር ያለሽው አንቺ ነሽ። ካርቡራቶሩን ራሱን በሚካል እጅ ልኬልሻለሁ። ያንቺን ሰላምታ ያመጣችልን ልጅ ናት፤ የጣሊያን መኖሪያ ወረቀት ስላላት እንደ ልቧ ትሄዳለች ትመጣለች። እዚህ እቃ በስም ቢጠሩት፣ በሥዕል ቢያሳዩት የሚሰማ የለም፤ «ናሙናውን አምጣ» ነው መልሱ። እዚያም እንደዚሁ ይመስለኛል። ናሙናው ይኸውልሽ፤ አምሳያውን ፈልጊልኝ።

ወንድምሽ አባይነህ ቦጋለ


በርጋሞ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለማከብርህና ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ አባይነህ፣

ሰላምታዬ ካንተ ጀምሮ ለተናኘና ለልጆቹ ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ። እናቴን ስለምታይልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ከማለት በቀር ምን እላለሁ። ብድርህን እሱ ይክፈልልኝ።

ስለ ራሴ ጻፊ ካላችሁ፣ ሥራዬ አንድ ሽማግሌ መጦር ነው። ሚስቱ ሞታለች። ልጆቹ ለገና ካልሆነ አይመጡም። አጥባለሁ፣ አበስላለሁ፣ አለብሰዋለሁ። ወረቀት ስለሌለኝ ከቤት ብዙ አልወጣም። የምተኛው ኩሽና ጎን ካለው እቃ ቤት ነው፤ ይሞቃል።

ሽማግሌው እቃህን ጠረጴዛ ላይ አየው። ጋሼ፣ እስከዛሬ ደህና አደርሽ ብሎኝ የማያውቅ ሰው መነጽሬን አምጪ አለኝ። ቀኑን ሙሉ በጥርስ ብሩሽ ሲያጥበው ዋለ። «የማን ነው?» አለኝ። የወንድሜ ነው አልኩት። «ሞተሩ በሙሉ አለ?» አለኝ። አለ፣ ይሠራበታል ስለው ሳቀ። ወጣት ሳለ እንደሷ ያለች ነበረችው፤ ሸጧት ሲጸጸት ኖሯል።

እንደ ናሙናው ያለ አልተገኘም። አንድ የሞተር እቃ ባለሱቅ ይህ አሁን የላክሁልህ ይሆናል ብሏል፤ የባለሦስት እግር የጭነት ሞተር ነው፣ ግን አዲስ ነው። ሌላም የደከመ እቃ ካለ ናሙናውን ላክልኝ። ሥዕል አይጠቅምም፤ እቃውን ራሱን።

እህትህ ፅጌረዳ


መካኒሳ አቦ፣ መጋቢት 12 ቀን 1986 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለፅጌረዳ፣

ይህ ደብዳቤ በእጅሽ በሚገባበት ሰዓት ሁሉ በሰላም ቆይኝ። እኛ ጾሙን እንደ አቅማችን ይዘናል። ለመጋቢት አቦ እትዬን ከፉሪ ከኋላዬ ጭኜ አመጣኋቸው። በመንገድ ሁሉ «ቀስ በል አንተ፣ ጋዜጣ አይደለሁም!» ሲሉኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲወርዱ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ሰው ሁሉ እስኪያያቸው ቆሙ።

የላክሽው ደርሷል። ቀጄላ ሳጥኑን ከፍቶ «እህትህ ለጋሪ ነው እንዴ የገዛችው?» አለ። ግን እያፌዘ አንድ ቀለበት አስቀርጾ ገጠመው። አሁን የጎፋን ዳገት ሳትነጫነጭ ትወጣለች። አቦ ይባርኩሽ።

ፒስተኑን አንቺን ሳናስቸግር እዚሁ ጨረስነው። ቀጄላ የላንድሮቨር ፒስተን አግኝቶ፣ ቶርኖ ቤት ሲሊንደሩን ትንሽ አስፍቶ አስገባው። ድምጿ ወፍሯል። ልጆቹ «አያታችን ተቆጣ» ይላሉ።

አሁን የቀሩኝ ሁለት ናቸው። አንደኛው ማግኔቶው ነው፤ ዝናብ ሲሆን እሳት አይሰጥም። በሚካል ልኬዋለሁ፤ እስከዚያው ቀጄላ ባዋሰኝ አሮጌ ማግኔቶ እሠራለሁ። ሁለተኛው የቤንዚን ጋኑ ነው፤ ከሥሩ ያንጠባጥባል፣ በሳሙና ደፍነነዋል፣ ለጊዜው ይዟል።

አንድ ነገር፦ የካርቡራቶሩን ናሙና መልሺልኝ። ቀጄላ «ከውስጡ ያሉት ትንንሾቹ ናስ እቃዎች ይጠቅሙኛል» ይላል። ያባቴም እጅ ስለነካው ቤት ቢቀመጥ ደስ ይለኛል።

ወንድምሽ አባይነህ


በርጋሞ፣ ሰኔ 20 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለጋሼ አባይነህ፣

ለሁላችሁም የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እናቴን አቦ ድረስ ስለወሰድክልኝ ሳነብ አለቀስኩ። ይህን ያደረገልኝ ወንድም እድሜ ይስጠው።

ካርቡራቶሩን ባለሱቁ ጋ ለናሙና ትቼው ነበር። አሮጌ መስሎት ጥሎታል። ብጣላውም ምን አመጣለሁ። አትቀየመኝ።

ማግኔቶውም አይድንም ተባለ። በምትኩ በባትሪ የሚሠራ የእሳት ኮይል ከነሽቦው ልኬያለሁ። ሚካል እጅ ነው።

የኔ ኑሮ ካለፈው ተሻሽሏል። ሽማግሌው እሁድ እሁድ እንዳርፍ ፈቅዷል። ማታም ከጠረጴዛው አብሬው እንድበላ ጠራኝ። ስላንተ ሞተር በየቀኑ ይጠይቀኛል፤ ቀለሟን፣ የስንት ዓመት እንደሆነች፣ ጎማዋን።

የቤንዚን ጋኑን ላከው። እዚህ በጋዝ የሚበይድ አዋቂ አለ። እዚያ ቢበየድ ይፈነዳባችኋል፣ እፈራለሁ።

እህትህ ፅጌ


መካኒሳ አቦ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፅጌ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ ዘንድ ክረምቱ ከብዷል። የላፍቶ መንገድ ጭቃ ነው። ያም ሆኖ ኮይሉ ከተገጠመ ወዲህ አንድ ቀን አላሳፈረችኝም። ባትሪውን ኮርቻው ሥር በሽቦ አስረነዋል።

ካርቡራቶሩ ስለተጣለ አዝኛለሁ፤ ይሁን፣ ያለፈ አለፈ። ማግኔቶው ግን የማይድን ቢሆንም ይመለስልኝ። ቀጄላ የማይድን ነገር ይወዳል።

ጋኑን ለሚካል ሰጥቻታለሁ። አጥበን፣ አድርቀን፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለን ሰጠናት። «ጋሼ አባይነህ፣ ሰው በርበሬና ሽሮ ይልካል፣ አንተ ቤንዚን የሸተተ ቆርቆሮ ታሳቅፈኛለህ?» አለች። አውሮፕላን ላይ እቃ መጫኛው ውስጥ እንዳይጨፈለቅ እግሯ ሥር አድርጋ እንደምትወስደው ማለችልኝ። በጎ ልጅ ናት።

እስኪመለስ ድረስ ቢጫ ጀሪካን ቆርጠን ከሻንሲው ላይ አስረናል። የሳሪስ አዟሪዎች «ጉዚ መጣች» ማለቱን ትተው «ጀሪካን መጣ» ይላሉ። ተናኘ ደግሞ ትናንት «ፅጌ ያለችበት አገር እቃ መግባት እንጂ መውጣት አያውቅም እንዴ?» አለችኝ። ተቆጣኋት። እህቴን አታውቂም አልኳት።

ወንድምሽ አባይነህ


በርጋሞ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለጋሼ አባይነህ፣

እንኳን ለልደት በሰላም አደረሳችሁ።

ጋኑ በያጁ ዘንድ ተራ እየጠበቀ ነው። አዋቂ ሰው ቶሎ አይደርስም። ለጊዜው የትንሽ ሞተር ጋን ልኬያለሁ፤ ቤንዚን ጥቂት ቢይዝም ከጀሪካን ይሻላል። ማግኔቶውን ፈልጌ አጣሁት።

አሁን የምጠይቅህን ነገር በደንብ አንብበው። የፊት መብራቱን፣ የኪሎሜትር ሰዓቱን፣ ኮርቻውን ከነሞላው፣ የማርሽ መርገጫውንና ጋኑ ላይ የነበሩትን ሁለቱን የፋብሪካ ምልክቶች ላክልኝ። ምልክቶቹን ጋኑን ስትልክ ነቅለህ አስቀርተሃቸዋል። ሁሉም ከተገኘ ናሙናውን አይቼ መለዋወጫ አከማችልሃለሁ፤ ኋላ እንዳትቸገር።

ብርዱ ብዙም አይሰማኝም፤ ሽማግሌው መስኮት ያለው ክፍል ሰጥቶኛል። ለእናቴ ንገርልኝ፤ መስኮቱ ተራራ ያሳያል።

ፅጌ


መካኒሳ አቦ፣ መጋቢት 30 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፅጌረዳ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው። ለመመለስ የቆየሁት ነገሩ ስላልገባኝ ነው። የፊት መብራቱ ተበላሽቷል ብዬ ጽፌልሽ አላውቅም። ኮርቻው ቆዳው ተላጠ እንጂ ሞላው የአባቴን ቂጥ ሠላሳ ዓመት ችሎ ዛሬም አለ። የፋብሪካው ምልክትስ ሲሠራ ምን ያደርጋል፣ ሲበላሽስ ምን ይሆናል? ምልክቶቹን ማስቀረቴን ደግሞ ማን ነገረሽ? ጋኑ በያጅ ቤት ነው ብለሽኛል። ጋኑ በያጅ ቤት ከሆነ ምልክት እንደጎደለው ማን ቆጥሮ ያየዋል?

ይህን ሁሉ ይዤ ፉሪ ሄድኩ። ለእትዬ አነበብኩላቸው። «አየህ አንተ፣ ልጄ አሮጊቷን ሞተር እንደ ሙሽራ ልታስጌጥልህ ነው። ቀና ሰው ሲያስብልህ ምክንያት አትፈልግ። ያለችህን ላክ» አሉኝ። ያን ያህል ደስ ብሏቸው ስላየሁ ነቀልኩ። ለመብራት ከምናለሽ ተራ የትራክተር ፋና ገዛሁ። ለኮርቻ ቀጄላ ከቮልስዋገን ወንበር ስፖንጅ ቆርጦ ሰፋልኝ። የማርሽ መርገጫውን ከብረት ዘንግ ጠመዘዘው።

ሁሉንም ሚካል ይዛለች። አዟሪዎቹ አሁን «ቅይጥ መጣች» ነው የሚሉት። ትሄዳለች ግን። ናሙናዎቹ ይመለሱልኝ። አንዱም እስካሁን አልተመለሰም።

አባይነህ


በርጋሞ፣ 18 ኖቬምበር 1995

ለወንድሜ ለጋሼ አባይነህ፣

ደብዳቤዎችህ ሁሉ ደርሰውኛል። ዝም ያልኩት ሥራ በዝቶብኝ ነው። እናቴ እንዴት ናት? ጉልበቷስ?

ጋሼ፣ ትልቅ ነገር አግኝቼልሃለሁ። ሽማግሌው የሞተሩን ሆድ በሙሉ በወዳጆቹ ወርክሾፕ አሳድሶ ሊመልስልህ ፈቅዷል። በነጻ ነው። ካርተሩን፣ ማለት ሁሉ ነገር የሚቀመጥበትንና ቁጥሩ የተመታበትን ዋናውን የሞተር ቤት፣ አውርደህ አሽገው። ሚካል ለገና ስትመጣ በእቃ ጭነት ታስልከዋለች። ጥቂት ወር ብቻ ታገሥ፤ እንደ አዲስ ሆና ትመጣልሃለች። ቁጥሩ እንዳይፋቅ ጨርቅ ጠቅልልበት። ዋናው ቁጥሩ ነው።

እዚህ ሰሞኑን አዲስ ሕግ ወጥቷል። አሠሪ የፈረመለት ሰው ወረቀት ይሰጠዋል። ቀኑ የተቆረጠ ነው።

ስለዚህ አትዘግይ።

ፅጌ


መካኒሳ አቦ፣ ጥር 6 ቀን 1988 ዓ.ም.

ፅጌረዳ፣

ሚካል ለገና መጣች። ሞተሩ ከሻንሲው ወርዷል። ካርተሩን ቀጄላ በጋዝ አጥቦ፣ ቁጥሩ ላይ ጨርቅ አስሮ፣ በጆንያ ጠቅልሎ በረንዳዬ ላይ አስቀምጦታል። ጋዜጣውን በሰው ፒክአፕ ላይ ተለጥፌ ነው የማደርሰው። ጎፋ ሁለት ጊዜ አርፍጄ ደርሻለሁ።

ሚካል ጆንያውን በእግሯ ነካ አደረገችው። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። ነገርኳት። በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እያወቅክ ነው ወይስ ሞኝ ነህ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ጋኑን እስከዚያ ድረስ እግሬ ሥር አድርጌ ሄጃለሁ። ቤንዚኑ ጫማዬ ውስጥ ሰንብቷል። ልረሳው አልችልም። ባለፈው ፅጌን ልጠይቃት ስሄድ በሽማግሌው ሳሎን ውስጥ ቀይ የሞተር ሻንሲ ላይ ተገጥሞ አየሁት። መብራትህም አለ። ሰዓትህም አለ። ኮርቻህን አዲስ ቆዳ አልብሰውታል። ካርቡራቶሩ እንደ ወርቅ ይብረቀረቃል። እንግዳ ሲመጣ ሽማግሌው አምፖል ያበራበታል።»

ተናኘ ከኩሽና ወጣች። ጆንያውን አይታ ወደ ኩሽናዋ ተመለሰች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀጄላ «ትሄዳለች?» ብሎ ጠየቃት።

«ምን ትሄዳለች፣ ሆዷ እኮ ባዶ ነው። ምንጣፍ ላይ ናት» አለችው።

«ሆዷ ይሄ ነዋ» አለ፣ ጆንያውን እያየ።

ፅጌ፣ ባለሱቁ ጣለው አልሽኝ። ማግኔቶው ጠፋ አልሽኝ። ጋኑ በያጅ ዘንድ ተራ እየጠበቀ ነው አልሽኝ። እኔም ለሚስቴ እህቴን አታውቂም አልኳት። እናትሽን ደግሞ ምስክር አድርገሽ አቆምሽብኝ፤ እሳቸው ሳያውቁ። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ካርተሩ ነው። ሌላውን ስትወስጂ ምትክ ላክሽልኝ። ካርተር ምትክ የለውም። እሱን ስትወስጂ ልጆቼ ምን እንዲበሉ ነበር ያሰብሽው?

በግልጽ ብትጠይቂኝ ኖሮ እሰጥሽ ነበር ወይ? አላውቅም። አልጠየቅሽኝም።

የምትመልሽው ካለሽ እጠብቃለሁ።

አባይነህ


በርጋሞ፣ 2 ማርች 1996

አባይነህ፣

ሰላም ለቤተሰብህ።

ሚካል ምን እንዳየች እንጂ ለምን እንደሆነ አታውቅም። እሷ ወረቀት አላት።

ሞተርህ በኔ ምክንያት አንድ ቀን ቆማ ታውቃለች? አሮጌውን ወሰድኩ፣ የሚሠራውን ላክሁ። የላክሁት ኮይል ባይኖር ክረምቱን አትወጣውም ነበር፤ ራስህ ጽፈህልኛል። አንተ እቃ አጣህ እንጂ ሥራ አላጣህም።

አንተ ፖሊስ ሲያልፍ ግድግዳ ታክከህ አትቆምም። እኔ ብታመም ሐኪም ቤት መሄድ አልችልም። እናቴ ብትሞት መጥቼ አልቀብራትም፤ ከወጣሁ አልመለስም። ይህ ሰው ደግሞ አንድም ነገር በነጻ አይሰጥም። ካርቡራቶሩን ሳሳየው ሌላውንስ አታስመጪም አለኝ። ማግኔቶው ሲመጣ እሁድን ሰጠኝ። ጋኑ ሲመጣ መስኮት ያለው ክፍል ሰጠኝ። እንደ ሞተሩ ሁሉ ሰውነቴንም በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚመልስልኝ። አሁን የቀረው ፊርማው ነው። የሱ ደግሞ የቀረው ካርተሩ ነው።

የሌላ ሞተር ካርተር እዚህ ገዝቼ ላቀርብለት ሞክሬ ነበር። ቁጥሩን በጣቱ ዳሰሰና ወረወረው። ምትክ አይወድም። ካንዲት ሞተር የወጣ ካልሆነ፣ ቁጥሩ የፋብሪካው ካልሆነ፣ ቆሻሻ ነው ይላል። ቀኑን አሳልፎብኛል፤ ግን የሱ ጠበቃ አሁንም ማመልከቻው የሚገባበት መንገድ አለ ብሏል። ትንሽ ጊዜ ነው ያለኝ።

አጎቴ በሕይወት ቢኖር አንድ ብረት ለኔ አይሰስትም ነበር። እንደ እሱ ሁን። ካርተሩን ላክልኝ። ከዚያ በኋላ ብትጠላኝም እችለዋለሁ።

እናቴ እንዳትሰማ።

ፅጌረዳ


መካኒሳ አቦ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሪት ፅጌረዳ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል።

እናትዎ ደህና ናቸው። ምንም አልነገርኳቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደበፊቱ እሄዳለሁ፤ ያ ከአባቴ የተቀበልኩት አደራ ነው፣ ከእርስዎ ጋር አይገናኝም። የሞተሯን ነገር ሲጠይቁኝ እቃዎቿ በርጋሞ እየታደሱ ነው እላለሁ። አንድ ነገር ልቤን ይከብደዋል፤ እሳቸውን ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

ካርተሩን ቀጄላ ወደ ቦታው መልሶታል። እስኪመልሰው ድረስ ግን የጎፋና የቄራ አዟሪዎች የጃፓን ሞተር ላለው ሰው ገብተዋል። አልፈረድኩባቸውም። ጋዜጣ አይጠብቅም። የቀረኝ ሳሪስና መካኒሳ ነው። ሥራ አላጣህም ብለው ስለጻፉ ነው ይህን የምጽፈው።

ጋኑን፣ መብራቱን፣ ኮርቻውንና ሌላውን እንዲመልሱ አልጠይቅም። በሰው ሳሎን ገብቶ የተገጠመ ነገር ነቅለው ያምጡ ብል ለእርስዎም ለእኔም ውርደት ነው። ምንጣፍ ላይ ይቀመጡ።

ስለ አባቴ የጻፉት እውነት ነው። ቢጠይቁት ይሰጥዎ ነበር። ቢጠይቁት።

ባለፈው ሳምንት ለዓመታዊው ምርመራ ሞተሯን ወሰድኳት። ተቆጣጣሪው ወጣት ነው። ሁለት ጊዜ ዞራት።

«ይህች ምንድን ናት?» አለኝ።

«ጉዚ።»

«የቱ ጋ?»

ካርተሩን በጣቴ አሳየሁት። ተንበርክኮ ዘይቱን በጨርቅ ጠረገ። ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳከረ፤ አንድ ነው። «እሺ፣ ይህስ ይሁን። ሌላው ግን የማን ነው?» አለ። የዘመድ ነው አልኩት። ሳቀና ቦሎውን ለጠፈልኝ።

ቁጥሩን የሚያነሱት ቀጭን ወረቀት አስቀምጠው በእርሳስ እየፈተጉ ነው። ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ የፋብሪካው ምት፣ ዳሩ የተሰበረው አራት ቁጥር ሳይቀር ይታያል። ለመዝገባቸው አንድ ካነሳ በኋላ ለኔም አንድ እንዲያነሳልኝ ለመንኩት። ቀጄላ «ይህን ካገኙ እዚያ አስመስለው ይመቱበታል» አለኝ። ሰውየው ምትክ አይወድም ብለው ጽፈዋል፤ ስለዚህ አልሰጋሁም።

ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። ናሙናው ይኸውልዎ፤ አምሳያውን ይፈልጉ።

መመለስ አያስፈልግም።

አባይነህ ቦጋለ